የእኔው አቶ አንለይ

ቀናተኛ ሰው በፊቱ ያስታውቃል የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። እኔ ስቀና ፊቴ ይበራል፣ ጥርሴ ይገለጣል፣ እጄ ለሰላምታ ቀድሞ ይዘረጋል። የሚያስታውቅብኝ ሆዴ ነው። ስቀና ሆዴ ይጮኻል። ባለቤቴ ደብሬ ይህን ስለምታውቅ፣ ከውጭ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ሆዴ ካጉረመረመ፣ «ዛሬ ደግሞ ታምሩ ምን አገኘ?» ትለኛለች። ርቦት ሊሆን ይችላል ብላ አንድ ቀን እንኳ ጠርጥራ አታውቅም።

ታምሩ ማለት የእንጅባራው መምህር ታምሩ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ውስጥ መሆኑ ነው፣ ዳንግላ ነበር የማስተምረው። ከአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ አብረን ወጣን፣ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተጭነን አብረን ወደዚህ አገር መጣን። ከዚያ ወዲህ ግን አብረን የሆነልን ነገር የለም፤ ሁሉን እርሱ ይቀድማል። ብስክሌት ቀድሞ ገዛ። እኔ በስንት መከራ ብስክሌት ስገዛ፣ እርሱ በቅሎ ላይ ተቀምጦ መጣና፣ «ለዚህ አገር ጭቃ የሚሻለው በቅሎ ነው» አለኝ። እኔ የአገውኛ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልይዝ እርሱ በአገውኛ ይቀልዳል። ገበሬው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እኔም ምን እንደተባለ ሳላውቅ አብሬ እስቃለሁ። የሚሳቀው በእኔ እንደነበር የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጠጉራችን እንኳ ተለያየ። የእኔ ከግንባሬ መሸሽ ሲጀምር የእርሱ ባለበት ጸና።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት መጽሔቱን ነው።

በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚወጣ፣ መምህራን በየአገሩ ያጠኑትን የሚያወጣ አንድ መጽሔት ነበር። ስሙን ልተወው፤ ያደረግሁበት ይበቃዋል። ታምሩ እዚያ መጽሔት ላይ ሁለት ጊዜ ወጥቷል። አንድ ጊዜ ስለ እንጅባራ ገበያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በጥርባ በኩል ስላለው ስለ ዘንገና ሐይቅ የሚነገረውን ሰብስቦ። ስሙ በወፍራም ጥቁር ፊደል ተጽፎ አየሁት። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት፤ ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ለጣቴ ይሰማኛል። የእኔን ስም እንዲህ ሆኖ ሳላየው ከሞትኩ በከንቱ ኖሬአለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር።

ስለዚህ ለማጥናት ተነሣሁ። የመረጥኩት ርእስ አሁንም ቢሆን ጥሩ ነው እላለሁ፤ የአዊ ፈረሰኞች ፈረሳቸው ሲታመም እንዴት እንደሚያስታምሙት። ፈረስ በዚህ አገር እንደ ቤተሰብ ነው፤ ሰው ሲታመም ያልተጨነቀ ሁሉ ፈረስ ሲታመም ጎረቤት ይሰበስባል። በዳንግላ ገበያ ቀን፣ ፈረሶች በሚታሰሩበት ሜዳ እየቆምኩ፣ ዐሥር ሰዎች ጠየቅኩ። ሁሉም እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ለመጻፍ ስጎነበስ ፈረሶቻቸው በጅራታቸው ፊቴን መትተውኛል። ለሆድ መነፋት፣ ለእግር እብጠት፣ ለዓይን ሞራ የሚሆነውን ሁሉ ነገሩኝ፤ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና አገራቸውን ጻፍኩ።

ይህን የጻፍኩት በራሴ ትጋት አይደለም። መጽሔቱ በጀርባ ሽፋኑ ላይ ደንብ ነበረው። ራስህ ያልሰማኸውን ሰማሁ አትበል። ሌላው የደከመበትን የራሴ ነው አትበል። የነገረህን ሰው ስም፣ ዕድሜና አገር ግለጽ። አንዱን ጽሑፍ ለሁለት ቦታ አትላክ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። መጨረሻው ላይ ግን፣ «ከአንድ ወረዳ ብቻ የተሰበሰበ ቃል ጥናት አይባልም፤ ቢያንስ ከሌላ ወረዳ የአንድ አዛውንት ቃል ይጨመርበት» ይላል።

ከሌላ ወረዳ። ወሩ ነሐሴ ነው። ዝናቡ ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን ከሰማይ የተላከብን ነበር የሚመስለው። ጥሊሊ ድረስ ሄጄ አዛውንት ልፈልግ ብል መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ይውጠዋል፤ ባይውጠው እንኳ ብርዱ እኔን ያሳስለኛል። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከዚያ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩና፣ «አቶ አንለይ ቢሻው፣ ዕድሜ ሰማንያ ሰባት፣ የጥሊሊ ነዋሪ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰውየው እንዲህ ነው የተወለዱት። ባዶ እጃቸውን እንዳይሆኑም አንድ መድኃኒት ሰጠኋቸው። ፈረስ ሆዱን ሲነፋው ወደ ቀኝ ሦስት ጊዜ አዙሮ የባለቤቱን ስም በጆሮው መንገር። ፈረስ አይጎዳም፣ ባለቤትም አይጎዳም ብዬ ነው። ደብሬ ከኋላዬ ቆማ አነበበችና፣ «እኒህ ሰውዬ ማን ናቸው?» አለችኝ። «የጥሊሊ ሰው ናቸው» አልኳት። «መቼ አገኘሃቸው?» አለች። «አሁን» አልኳት። ወጥታ ሄደች።

ጽሑፉን ጨርሼ ወዲያው ብልከው ኖሮ ይህን ወግ አትሰሙም ነበር። ግን ታምሩ ሳያየው ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ ምን ዋጋ አለው? እውነቱን ልናገርና፣ የጻፍኩት አዲስ አበባ እንዲያነበው ሳይሆን ታምሩ እንዲያነበው ነበር። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ይዤለት እንጅባራ ሄድኩ። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ሲያነብ ፊቱን አየሁ። ሲቀና ለማየት ነበር። እርሱ ግን የሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ዝግ ብሎ አነበበ፤ ሲጨርስ፣ «ጥሩ ነው» አለ። ልቤ ወረደ። ቀጥሎ ግን፣ «ጥቂት ቀን ይቆይልኝና ደግሜ ላንብበው» ሲል ነፍሴ ተመለሰች። ሰው ካልቀና ደግሞ ያነባል? ቀንቷል አልኩ። እያፏጨሁ ወደ ዳንግላ ተመለስኩ።

ሦስት ሳምንት አቆየው። እኔ በየቀኑ የቅናቱን ክብደት እየገመትኩ ደስ ይለኛል። በመጨረሻ ወረቀቴን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ከምስጋና ጋር ላከልኝ። በደህና ቀለም ገልብጬ፣ ቴምብር ለጥፌ ወደ አዲስ አበባ ሰደድኩት።

ኅዳር ላይ አዲሱ መጽሔት መጣ። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ጋሪዎች በሚቆሙበት ቦታ ቆሜ ገለጥኩት። «የፈረስ ሕመምና መድኃኒቱ በአዊ አገር፤ በመምህር ታምሩ» ይላል። ከሁሉ ፊት የነበረው የጋሪ ፈረስ ጆሮውን ቀስሮ ዞሮ አየኝ። ሆዴን ሰምቶ ይሆናል።

አነበብኩት። ቃሉን ለውጦታል። የእኔን ዐሥር ሰዎች አውጥቶ ዐሥር የእንጅባራ ሰዎች አስገብቷል። ብከሰውም ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነው ብሎ ያመልጠኛል። እንዲህ እያልኩ አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን አንድ ስም አገኘሁ። «የጥሊሊው አዛውንት አቶ አንለይ ቢሻው፣ የሰማንያ ሰባት ዓመት የዕድሜ ባለጸጋ፣ በጥቅምት ወር ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው እንዳጫወቱኝ» ይላል።

አቶ አንለይ። የእኔው አቶ አንለይ።

መቼም ሰው ቢሰረቅ መጀመሪያ የሚናደደው በመሰረቁ ነው። እኔም ለጥቂት ጊዜ በዚያ ተናደድኩ። ቀጥዬ ሳነብ ግን ሌላ ነገር አንገበገበኝ። አቶ አንለይ ለእኔ የነገሩኝ አንድ መድኃኒት ነው። ለታምሩ አራት ነግረውታል። ለእኔ ቤት የላቸውም፤ ለእርሱ ደጃፋቸው ላይ ሁለት የዋንዛ ዛፍ አላቸው። ለእኔ ጥርስ ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም፤ ለእርሱ ሲስቁ የፊት ጥርሳቸው አንድ ብቻ ነው። ብርዝ አጠጥተውታል፤ መርቀውታል፤ በዚያ ዕድሜያቸው ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ መኪና መንገዱ ሸኝተውታል። ከምንም አንሥቼ ሰው ላደረግኋቸው ለእኔ ግን አንድ ጉንጭ ውኃ እንኳ አልሰጡኝም።

ቤት ገብቼ ለደብሬ ነገርኳት። ሆዴ አስቀድሞ ስለነገራት ብዙም አልደነቃትም።

«ታዲያ ሰውየው የሉም ብለህ ጻፍላቸው» አለች።

«እንደሱ ካልኩ እኔስ?»

«አንተማ ዋሽተሃል።»

«እርሱ ደግሞ ሰርቋል።»

«የሰረቀው ውሸትህን ነው» አለችኝና የያዘችውን ሽሮ መንፋት ቀጠለች። «ውሸቴን መልስልኝ ብለህ ልትከሰው ነው?»

ልከሰው ነበር። ለመጽሔቱ አዘጋጅ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። አቶ አንለይ በነሐሴ ወር፣ ማለትም ከታምሩ ሁለት ወር ቀድመው፣ ለእኔ የተናገሩ የእኔ ሰው እንደሆኑ፣ ጽሑፌም ይህን እንደሚመሰክር፣ አንድ መምህር የሌላውን መምህር አዛውንት መውሰዱ በጀርባ ሽፋን ላይ የተጻፈውን ደንብ እንደሚያፈርስ አስረዳሁ። ሰውየውን የፈጠርኳቸው መሆኔን ቦታ ስለጠበበኝ አልጻፍኩም።

መልሱ በማኅተም መጣ። አዘጋጁን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ከደብዳቤው ግን ቀልድ የማያውቅ ሰው እንደሆነ ተረዳሁ። ነገሩ ለመጽሔቱ እጅግ ከባድ እንደሆነ፣ ሁለቱም ጽሑፎች አንድ አዛውንት ስለሚጠሩ ፍርዱን ከእርሳቸው የተሻለ ማንም ሊሰጥ እንደማይችል ይገልጻል። «ስለዚህ የጥሊሊ ነዋሪ አቶ አንለይ ቢሻው አስቀድመው ቃላቸውን ለማን እንደሰጡ በሁለት ምስክሮች ፊት የአውራ ጣታቸውን አትመው ይግለጹልን። ማስረጃውን ያመጣ የጥናቱ ባለቤት ነው፤ ስሙም በሚቀጥለው እትም በጉልህ ይወጣል። ግልባጭ ለመምህር ታምሩ» ይላል።

በጉልህ ይወጣል የሚለውን አምስት ጊዜ አነበብኩት።

የገና ዕረፍት ሲደርስ ሁለት ኪሎ ስኳርና ቀለም የጠጣ ጨርቅ በቆርቆሮ ይዤ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። በጎጃም ምድር አንለይ የሚባል ሽማግሌ የሌለበት ቀበሌ የለም፤ አንዱን ፈልጌ፣ ስኳሩን ሰጥቼ፣ ጣቱን አስነክራለሁ። እንጅባራ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ታምሩ ወጣና የጨው ጆንያው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። በብብቱ አዲስ ጋቢ ይዟል።

ተቃቅፈን ተሳሳምን። የኔ ፊት እንዴት እንደበራ ነግሬአችኋለሁ።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«ጥሊሊ፣ ዘመድ ልጠይቅ። አንተስ?»

«እኔም ዘመድ።» ጋቢውን አየሁት። «ለአቶ አንለይ ነው» አለ፣ ማየቴን አይቶ። «ብርድ አይችሉም።»

ሆዴ ጮኸ። ለእኔ ሰውዬ ጋቢ ሲያስብ እኔ ስኳር ይዤ መጣሁ። «ጋቢ እንኳ አላቸው» አልኩት። «ባለፈው እኔ ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ያ አልቆ ነበር» አለኝ።

ትንሽ እንደሄድን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ አንተ ስትሄድ ቤታቸው ከገበያው በየት በኩል ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«አንተ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠህ የለም?»

«ጭጋግ ነበር» አለ። «ይሄን አገር ታውቀው የለ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ታምሩ ጥሊሊ ሄዶ አያውቅም። ግን አቶ አንለይ መኖራቸውን ከልቡ ያምናል። በእኔ ጽሑፍ ፈጽሞ ስላመነ፣ እኔ የማልዋሽ ሰው ስለመሰልኩት፣ ጋቢ ገዝቶ የሌለ ሰው ሊያለብስ እየሄደ ነው። አፈርኩ ልበላችሁ? ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታምሩ የማያውቀውን አንድ ነገር አወቅሁ።

ደስታዬ እስከ ጥሊሊ ገበያ ድረስ ቆየ። እኔ በየጠርዙ እየዞርኩ አንለይ የሚባል ሽማግሌ በስውር ስጠያይቅ፣ ታምሩ ቀጥ ብሎ ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ አያ ፈንታ ሄዶ የአዘጋጁን ደብዳቤ ግልባጭ አሳያቸው። አያ ፈንታ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የአካባቢውን ሰው እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። እኔንም አስጠሩኝ። የእኔን ደብዳቤም አዩ። ማንበብ ስለማይችሉ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«እንዲህ የሚባል ሰው በእኔ ግዛት የለም» አሉ።

«አሉ እንጂ» አለ ታምሩ። «እኔ ራሴ ያየኋቸው ነኝ።»

«እርስዎስ፣ መምህር?» አሉኝ።

ምን ልበል? «እኔ ነኝ ቀድሜ ያየኋቸው» አልኩ።

አያ ፈንታ ብዙ አሰቡ። እንግዲህ በእርሳቸው ቦታ ሆናችሁ እዩት። ኮት የለበሱ ሁለት የመንግሥት መምህራን፣ አንዱ ከዳንግላ አንዱ ከእንጅባራ፣ ሰውየውን በየፊናችን አይተናቸዋል ይላሉ። የአዲስ አበባ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የጥሊሊ ነዋሪ ናቸው ብሎ በስማቸው ይጠራቸዋል። አያ ፈንታ ግን አያውቋቸውም። እኔ ብሆን ወረቀቱ ተሳስቷል እል ነበር። እርሳቸው ግን ለወረቀት ክብር ያላቸው ሰው ስለነበሩ፣ ሰውየው ነበሩ፣ አሁን ግን የሉም፤ አንድ ክፉ ነገር ተሠርቶ ተሸፍኗል ብለው ደመደሙ። ሰው ጠፍቷል። ሰው ከጠፋ ደግሞ የሚደረገው የታወቀ ነው። አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ ለማታውቁ፣ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና እያንዳንዱ ወንድ እየተነሣ ያየውን የሰማውን በመሐላ የሚናገርበት ነው። ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ከብት የሰረቀም፣ ሰው የገደለም በዚህ ይገኛል። ወሩ ጥር ነው፣ የውቂያ ጊዜ። የሰዉ እህል በየአውድማው ላይ ተከምሯል፣ ሰማዩ ላይ ደግሞ ያለወቅቱ ደመና እየተንጠለጠለ ነው። ሰዎቹ መጥተው ተቀመጡ። አንድ በአንድ እየተነሡ፣ «አንለይ ቢሻው የሚባል ሰው አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያሉ በታቦት ይምላሉ። እኔ አጠገባቸው በርጩማ ላይ፣ በክብር፣ እውነታቸውን ሲምሉ እሰማለሁ። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ይንሾካሾካሉ፤ ታምሩ ይገባዋል፤ እኔ አይገባኝም። እንዲያ ባለ ሰዓት እንኳ በዚህ መቅናቴን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም።

የመጀመሪያው ቀን በዚህ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ መሐላው ሲያልቅ አያ ፈንታ ወደ እኛ ዞሩ። «እንግዲህ አገሩ ምሏል። ያያችሁት እናንተ ናችሁ። ቤቱን አሳዩን።»

ታምሩ ተነሣ። ፊቱ ሲገረጣ ያኔ ነው ያየሁት። ዙሪያውን ቃኘ። በመጽሔቱ ላይ ሁለት የዋንዛ ዛፍ ጽፏልና ዓይኑ ሁለት የዋንዛ ዛፍ ሲፈልግ ነበር። ከሜዳው ማዶ አገኘ። «ያ ነው» ብሎ ጠቆመ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ። ቤቱ የአቶ ጥሩነህ ነበር። አቶ ጥሩነህ ከሌላ አገር መጥቶ፣ አግብቶ የተቀመጠ፣ ብዙ ዘመድ የሌለው ገበሬ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ጥርጣሬ ቶሎ ይበረታል። አንዱ ተነሥቶ፣ ያ ቤት ሲሠራ ማታ ማታ ሲቆፈር ይሰማ ነበር አለ። ሌላው፣ አንድ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ በዚያ ሲያልፍ አይቻለሁ መሰለኝ አለ። ከጥቂት ጊዜ በፊት በታቦት የማሉት ሰዎች አሁን አቶ አንለይን ማስታወስ ጀመሩ። አንዱማ የፊት ጥርሳቸው አንድ ብቻ እንደነበር ተናገረ። ይህን ታምሩ ነግሮት ይሁን ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አያ ፈንታ ገመድ አስመጡ። አቶ ጥሩነህ ታስሮ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሊወሰድ ነው። ሰውየው አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ወደ አውድማው አየ፤ በሬዎቹ ሳይጠመዱ ቆመዋል። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«መምህር» አለኝ፣ ዝግ ብሎ፣ «እርስዎም እኔ ቤት አይተዋቸዋል?»

ታምሩን አየሁት። ወደ መሬት አቀርቅሯል። አሁን፣ ስለ አቶ ጥሩነህ አዝኜ ተነሣሁ ብዬ ልተርክላችሁ እችል ነበር። አዝኜአለሁ። ግን ደንቡን አንድ ጊዜ ጥሻለሁና አሁን ልጠብቀው። ግማሹ ኀዘን ነው። ግማሹ፣ ያ ሁሉ ሰው ታምሩን ማመኑ ነው። ለእኔ ሰው፣ በእኔ ፊት፣ ቤት ሰጥቶ፣ ዛፍ ሰጥቶ፣ አሁን ደግሞ ሞት ሊሰጣቸው ነው።

«ሰውየው የሉም» አልኩ።

«አለመኖራቸውንማ አየን» አሉ አያ ፈንታ።

«ኖረውም አያውቁም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።»

አያ ፈንታ በእግዚአብሔር ስም አማተቡ። «ምን አደረግህ?» አሉኝ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ይሉኝ ነበር።

ሁሉን ነገርኳቸው። ነሐሴውን፣ ዝናቡን፣ ደንቡን፣ ታምሩ እንዲቀና ብዬ ማሳየቴን፣ እርሱም መውሰዱን። ታምሩ እየደጋገመ የሚያየኝ በጥላቻ አልነበረም፤ ይበልጥ የሚመስለው የአቶ አንለይን መርዶ እንደተረዳ ሰው ነበር። ጋቢውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይዞታል።

ሽማግሎቹ ዞር ብለው መከሩ። ከሁለታችን የማን እንደሚብስ መስማማት አቅቷቸው ብዙ ቆዩ። አንደኛው ያልሰማውን ሰማሁ ብሏል፤ ሁለተኛው ያላየውን አየሁ ብሏል። በመጨረሻ አያ ፈንታ ተመልሰው ፈረዱ። ያገሩን ሰው ሁለት ቀን ከውቂያ አስቀርተናልና ሁለት ቀን በአቶ ጥሩነህ አውድማ ላይ እንድንወቃ። «ሰውየውን በተመለከተ» አሉ፣ «የፈጠረው የዳንግላው ነው። የእንጅባራው ሰርቆታል። ባለቤቱ የዳንግላው ነው።»

የተፈረደልኝ መሆኑ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ።

ወቃን። ኮታችንን አውልቀን በሬ ነዳን፣ ገለባ አበጠርን። በዚያም ታምሩ በለጠኝ። በሬዎቹ እርሱን ይሰሙታል፤ በአገውኛ ስለሚነዳቸው ነው። አቶ ጥሩነህ ጠላ ሲያቀርብልን ለሁለታችንም እኩል ቀዳ፤ የታምሩን ጽዋ ግን በሁለት እጁ ነው የሰጠው። እኔ ነኝ ከእስር ያዳንኩት። ይህን ላስታውሰው ፈልጌ ነበር፤ ገለባው ጉሮሮዬ ገብቶ አሳለኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ታምሩ ጋቢውን ለአቶ ጥሩነህ ሰጠው። እኔም ስኳሩን ሰጠሁ። ማንም ልብ አላለውም።

ከመሄዴ በፊት አያ ፈንታን ወረቀት ጠየቅኋቸው። አዘጋጁ ምስክር ያለበት የጣት አሻራ ብሏል፣ እኔም ተፈርዶልኛል። ጻፍኩት፤ እርሳቸውና ሁለት ሽማግሎች አውራ ጣታቸውን ቀለም በጠጣው ጨርቄ እየነከሩ አተሙበት። «አቶ አንለይ ቢሻው በሕይወት ኖረው የማያውቁ፣ በዳንግላው መምህር የተፈጠሩ፣ በእንጅባራው መምህር የተሰረቁ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል። እንዲህ ያለ ማስረጃ የያዘ ጸሐፊ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ያለ አይመስለኝም።

ደብሬ አንብባ፣ «ይህን ልትልከው ነው?» አለችኝ።

«በጉልህ ይወጣል ብሏል» አልኳት።

ላክሁት። ከእርሱ ጋር ሁሉንም የሚናዘዝ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በዚህ ጊዜ ቦታ አልጠበበኝም። አዲሱ መጽሔት ሚያዝያ ላይ መጣ። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በጥቁር መስመር ታጥሮ፣ ማስታወቂያ አለ። «መምህር ታምሩ ስለ ፈረስ ሕመም ያወጡት ጽሑፍ ከአንድ የዳንግላ መምህር የተወሰደ፣ በውስጡም ሐሰተኛ ቃል የያዘ ሆኖ ስለተገኘ ከመጽሔቱ መዝገብ ተሰርዟል። መምህር ታምሩ ከእንግዲህ በዚህ መጽሔት አይጽፉም።» የታምሩ ስም ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፤ በወፍራም ጥቁር ፊደል።

ከአንድ የዳንግላ መምህር። ይኸው ነው።

ከመጽሔቱ ጋር ለእኔ የተጻፈች አጭር ደብዳቤ ነበረች። አዘጋጁ፣ ጽሑፌ ለሁልጊዜው ውድቅ መሆኑን፣ ይሁን እንጂ ጥፋቴን በራሴ አንደበት ስላመንኩ ስሜን ከውርደት ለመጠበቅ ሲል ሆን ብሎ እንደተወው ገልጾ፣ «እውነት በመናገርዎ ያገኙት ዋጋ ይህ ነው» ብሎ ጽፎልኛል።

ደብሬ ተመስገን በል አለችኝ። በሰፈሩም በትምህርት ቤቱም ምንም አልተሰማ፣ ምን ትፈልጋለህ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የማያውቀኝ ሰው በደግነት ሰውሮኛል። ይህን ደግነት በእጄ ይዤ፣ እላዩ ላይ ቆሜ፣ እኔ የማስበው አንድ ነገር ነበር። እስከ መጨረሻው ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ስሜ ይወጣ ነበር። ቀና ስል ደብሬ በጥሞና እየሰማች ነበር፤ ሆዴን። ከዚያ ወረቀትና ብዕር አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና፣ «ጻፍላቸው እንግዲህ» አለችኝ፤ «እኔም አብሬ ልዋረድ በል።»

ብዕሩን አነሣሁ። ለአዘጋጁ ሰላምታ ጻፍኩ፤ ምስጋና ጻፍኩ። ከዚያ በታች ስሜን ጻፍኩ። ወፍራም አደረግሁት፤ ደግሜ ደግሜ ቀለም አስጠጣሁት። ሲደርቅ በጣቴ ዳሰስኩት። ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ አላለም። ደብዳቤውን ለደብሬ ሰጠኋት፤ እርሷም አጣጥፋ እሳቱ ውስጥ ጨመረችው።